አሮጌ ቤት ለመግዛት ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ቤት ልጅ የሚያድግበት፣ ሽማግሌ የሚጦርበት፣ ብርድና ዝናብ የሚታለፍበት ነው። በየትም አገር ሠርቶ የሚያድር ሰው የራሴ ቤት ቢኖረኝ ብሎ ይመኛል። በአሜሪካ ካሉት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ በሚኒሶታና በኦሃዮ ይኖራሉ። የትልቅ ከተማ ኪራይ የከበደው ሰው በአካባቢው ወዳሉት ትንንሽ ከተሞች ዓይኑን ቢጥል አያስገርምም። እዚያ ርካሽ ቤት አለ። ግን አሮጌ ነው፤ ጥገናም ይፈልጋል።

እኛ ተማሪዎች ነን፤ ቤት ገዝተን አናውቅም። ነገር ግን ጉዳዩን አጥንተናል። ያገኘነውን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ቤቱ ለምን ረከሰ?

በአዮዋ ግዛት ኒውተን የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ 16,000 አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1893 ሜይታግ የሚባለው ድርጅት እዚያ ተቋቋመ፤ በልብስ ማጠቢያ መኪናም ስሙ ታወቀ። በ2006 ዊርልፑል የሚባል ሌላ ድርጅት ገዛው። በ2007 የኒውተን ፋብሪካ ተዘጋ።

ሥራ ሲጠፋ ሰው ይሄዳል። ሰው ሲሄድ ባዶ ቤት ይበዛል። ቤት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «በከተማው ምን ሥራ አለ?» የሚል ነው። የቤቱን ዕዳ የሚከፍለው ደመወዝ ነውና።

2. ቤቱን እንዴት እንመርምር?

ቀለም የተቀባ ግድግዳ አያታልለን። ከታች እንጀምር።

ሀ. መሠረት፦ ምድር ቤቱ ውስጥ እንግባ። በግድግዳው ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ካለ፣ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ከጎበጠ፣ አፈሩ እየገፋው ነው። ይህ ከባድ ጥገና ነው። ፎቅ ላይ ደግሞ ብይ ወለሉ ላይ እናስቀምጥ። ብይው ራሱ ከተንከባለለ ወለሉ ዘምሟል።

ለ. ጣሪያና አሸንዳ፦ ውሃ የአሮጌ ቤት ጠላት ነው። አሸንዳው ከተሰበረ የጣሪያው ውሃ ወደ መሠረቱ ይወርዳል።

ሐ. ኤሌክትሪክና ቧንቧ፦ ከ1940ዎቹ በፊት በተሠሩ ቤቶች በሸክላ እንክብሎች ላይ የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ሊገኝ ይችላል። ልባሱ ሲያረጅ እሳት ያስነሳል። አሮጌ የብረት ቧንቧም በውስጡ ይዝግና ውሃው ይቀንሳል።

መ. ማሞቂያ፦ የአዮዋ ክረምት ውሃን በቧንቧ ውስጥ ያቆረፍዳል፤ ቧንቧውም ይፈነዳል። ስለዚህ ማሞቂያ ቅንጦት አይደለም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ሻጩ ያላመጣውን፣ ራሳችን የቀጠርነውን ባለሙያ እናስመርምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

3. የማይታይ አደጋ

በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የተከለከለው በ1978 ነው። እርሳስ የምንለው ማዕድኑን እንጂ መጻፊያውን አይደለም። ቀለሙ ሲላጥ ወይም ሲፋቅ አቧራ ይሆናል። ሕፃን በዳዴ ሲሄድ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ እርሳሱም ገብቶ አእምሮውን ይጎዳል። የተጎዳው አእምሮ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው ስለዚህ ቀለም የሚያውቀውን እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል። እኛም እንጠይቅ። ልጆች ባሉበት ቤት አሮጌ ቀለም በደረቁ አንፋቅ።

ሌላው ራዶን የሚባል ጋዝ ነው። ከመሬት ይወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም። የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በአዮዋ በብዛት ስለሚገኝ ቤቱን ማስለካት ይገባል። ከተገኘም ጋዙን ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቧንቧና ማራገቢያ ማስገባት ይቻላል።

4. ሒሳቡ

በ1934 የተቋቋመ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር አለ። ራሱ አያበድርም፤ ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል። «203 ኬ» በሚባለው መንገዱ የመግዣውና የማደሻው ገንዘብ በአንድ ብድር ይጠቃለላል። ተበዳሪው በቤቱ መኖር አለበት። የብድር ነጥቡ ቢያንስ 580 ከሆነ ቅድመ ክፍያው 3.5 በመቶ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ 60,000 ዶላር፣ ጥገናው 25,000 ዶላር ቢሆን፦

60,000 + 25,000 = 85,000
የ85,000 3.5 በመቶ = 2,975 ዶላር

ለውል ማስፈጸሚያ 2,500 ዶላር ብንጨምር 5,475 ዶላር በእጅ መኖር አለበት። ግብሩ፣ የመድን ክፍያውና ወለዱ ከዚህ ውጭ ናቸው። ግድግዳ ሲፈርስ ያልታሰበ ነገር አይጠፋምና ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያም ይያዝ።

5. ከመፈረም በፊት ማንበብ

አንዳንድ ሻጭ «ባንክ ምን ያደርግልሃል? በየወሩ ለእኔ ክፈል» ይላል። በእንዲህ ያለ ውል የባለቤትነት ሰነዱ የመጨረሻው ሳንቲም እስኪከፈል ድረስ በሻጩ እጅ ይቆያል። ገዢው ጣሪያውን ያድሳል፣ ግብሩን ይከፍላል፤ ክፍያ ሲያቋርጥ ግን ቤቱንም የከፈለውንም ሊያጣ ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ተረት አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቺካጎ ባንክ ብድር የከለከላቸው ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ዓይነት ውል ገዝተው ብዙዎች ተበዘበዙ። በ1968 በሎንዴል ሰፈር ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ክፍያ አቁመውም ታገሉ። አንዳንዶቹ ውላቸው ተሻሻለላቸው። ኃይላቸው ውሉን አንብበው መረዳታቸውና መተባበራቸው ነበር።

ስለዚህ ውሉን እናንብብ። ቋንቋው ከከበደን በሻጩ ሰው ሳይሆን በራሳችን ሰው እናስተርጉም፤ ጠበቃም እናማክር። በካውንቲው መዝገብ ቤት ቤቱ በማን ስም እንደሆነና ዕዳ እንዳለበት እናጣራ። ፊርማ በአንድ ደቂቃ ይፈረማል፤ ዕዳው ግን 30 ዓመት ሊከተለን ይችላል።

መልመጃ

1. በኒውተን ከተማ የቤት ዋጋ ለምን ሊወርድ ቻለ?
2. አሮጌ ቀለም በደረቁ መፋቅ ሕፃናትን እንዴት ይጎዳል?
3. ቤቱ 50,000፣ ጥገናው 20,000 ዶላር ቢሆን የ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያው ስንት ነው?
4. በእናንተ አካባቢ ሰዎች ቤት ሲገዙ ውሉን ማን ያነባል? በቡድን ተወያዩ።