ማከምና መጠበቅ

በዚህ ትምህርት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ የእንግሊዝ ከተማ የነዋሪዎቹን ጤና እንዴት ይጠብቅ እንደነበር እንማራለን። አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። ማከም የታመመውን ሰው ማዳን ነው። መጠበቅ ጤነኛው እንዳይታመም የበሽታውን ምክንያት ማራቅ ነው። ማከም ሰውየውን ይመለከታል፤ መጠበቅ የሚኖርበትን ቤት፣ የሚጠጣውን ውኃና የሚተነፍሰውን አየር ይመለከታል።

ሦስተኛው ቃል ቦሮ ነው። ቦሮ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው ከተማ ነው። ትልልቆቹ ካውንቲ ቦሮ ይባሉ ነበር፤ በካውንቲው፣ ማለትም በአውራጃው፣ አስተዳደር ሥር ስላልነበሩ የጤናውን ሥራ ራሳቸው ያካሂዱ ነበር። ትምህርታችን ስለ እነዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሲጀመር የምክር ቤቶቹ ሆስፒታሎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። እንግዲህ የከተማው የጤና ሥራ አበቃ ማለት ነውን? አይደለም። አዋላጆች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን የሚመክሩ ነርሶች፣ ክትባትና አምቡላንስ በከተማው እጅ ቀሩ። ቆሻሻ ማንሣት፣ የምግብ ቁጥጥርና የቤቶች ምርመራም እንዲሁ። በአጭሩ የሆስፒታሉ ሕክምና ሄደ፤ መጠበቅ ግን ቀረ።

ሥራውን የሚመራው የከተማው የጤና ሹም ነበር። ሹሙ ሐኪም ነበር፤ ታካሚው ግን ከተማው ራሱ ነበር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1847 በሊቨርፑል የተሾመው ዊልያም ሄንሪ ደንከን ነበር። ሹሙ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተና የትኛው ተላላፊ በሽታ እንደታየ ለምክር ቤቱ ይጽፍ ነበር። ከሥሩ እኛ ሳኒታሪያን የምንላቸው ተቆጣጣሪዎች ነበሩ።

ተቆጣጣሪው በየሰፈሩ የሚፈልገው ጠንቅን ነበር። ጠንቅ በሕጉ አነጋገር ጤናን የሚጎዳ ወይም ጎረቤትን የሚያውክ ነገር ነው፤ የተከማቸ ቆሻሻ ወይም ጣሪያው የሚያፈስ እርጥብ ቤት ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ አካሄዱን በደረጃ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ባለንብረቱ ጠንቁን እንዲያስወግድ በጽሑፍ ይነገረው ነበር። እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። ትእዛዙንም ካልፈጸመ ምክር ቤቱ ራሱ ሠርቶ ወጪውን ያስከፍለው ነበር። የሕጉ ዋና ፍላጎት ጠንቁ እንዲወገድ እንጂ ሰው እንዲቀጣ እንዳልነበረ ከቅደም ተከተሉ እንረዳለን።

እስካሁን ያየነው ባለቤቱ የሚታወቅ ጠንቅ ነው። ባለቤቱ ሁሉም ሰው ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ከጭስ ጋር የተቀላቀለ ጉም ለንደንን ለአምስት ቀን ሸፈናት፤ በጊዜው ግምት ወደ 4,000 ሰዎች ሞቱ። ጭሱ ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ ከሚሞቅበት የድንጋይ ከሰል ምድጃም ይወጣ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ምክር ቤቶች ጭስ የሚከለከልበትን ክልል እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጠ። ክልከላው ብቻውን አልመጣም፤ የቤቱን ምድጃ ለሚለውጥ ሰው ከተገቢው ወጪ ከአሥር ሰባቱ እጅ ይተካለት ነበር። ጠንቁ የጋራ ሲሆን ሸክሙም የጋራ ሆነ።

የጤና ሹሙ ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1974 ቀርቷል፤ የተማርነው ልዩነት ግን ለማንኛውም ቤት ይሠራል። ልጅ በተቅማጥ ሲታመም ወደ ሐኪም እንወስደዋለን፤ ይህ ማከም ነው። ቤት ተመልሰን የጠጣው ውኃ ከየት እንደተቀዳ ስንጠይቅ መጠበቅን ጀመርን።