ዜማውን ሳይሆን ፊደሉን፦ ታናሾቻችንን በቤት ውስጥ ጨዋታ ማስነበብ



ባለፈው ዒድ አያቴ ከኮምቦልቻ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩልን። የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሉ ስለሚወጣው «አንብብልን» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። አፍጥጦ አየው። ከዚያ የመጀመሪያዋን ፊደል ለማወቅ በሹክሹክታ «ሰ ሱ ሲ ሳ...» እያለ መቁጠር ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጨርሼ ለማንበብ ብዙ ታግያለሁ። እዚህ ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን። አማርኛውን እንሰማለን፣ እንናገራለን፤ ጽሑፍ ሲመጣ ግን «እማ፣ ነይ» ነው።

ወንድሜ የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጨዋታዎች ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው፤ ተራውን ማፍረስ።

መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት አድርጌ 231 ካርድ ከካርቶን ቆረጥኩ። ልጁ ክምሩን ሲያይ ሸሸ። ካርዶቹ እስካሁን አልጋዬ ሥር አሉ። እናንተ በሦስት ፊደላት ብቻ ጀምሩ፤ ሰ፣ ለ እና መ። እስከነ እርባታቸው 21 ካርድ ናቸው። ከነዚህ ብቻ ሰላም፣ ሙስሊም፣ ሎሚ፣ ስም፣ ሙሉ፣ ምስል፣ ምላስ ይወጣሉ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ቃል ያነባል ማለት ነው። ካርዶቹን በውዙና አንድ ቃል ንገሩት፤ ፈልጎ ይደርድር። ቀጥሎ እናንተ ደርድሩና እሱ ያንብብ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። «ምላስ» ብዬ የደረደርኩትን «ስላም» ብሎ አነበበው። ለካ ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ቃኢዳ ስለሚቀራ ከቀኝ ጀምሮ ነበር! አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እያንዳንዷን ፊደል በእርግጥ ለይቷታል። በግራ በኩል አረንጓዴ ነጥብ አድርጌ «አማርኛ ከዚህ ይነሳል» አልኩት፤ በቃ። ቃኢዳውም ረዳን። በዐረብኛ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ከፊደሉ ላይ ወይም ሥር ይቀመጣሉ፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ምልክቱ ከራሱ ከፊደሉ ጋር ይጣበቃል። ሱ፣ ሉ፣ ሙ ወገባቸው ላይ፣ ሲ፣ ሊ፣ ሚ እግራቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። ሴ፣ ሌ፣ ሜ ደግሞ እግራቸው ላይ ቀለበት አለ። ይህን በጣቱ እየነካ ሲያገኘው እንቆቅልሽ የፈታ ያህል ፈነደቀ። ስ፣ ል፣ ም ግን እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ሕግ የላቸውም፤ በቃላት ውስጥ ደግሞ የማይገቡበት የለም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ እነሱን ደጋግሙ።

ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲሰለቸው እናቴ በልጅነቷ የተጫወተችውን ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ደጅ ላይ ሰመርን። በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል ጻፍን፤ በተራ ሳይሆን ተዘበራርቆ። ጠጠሩ ያረፈበትን ፊደል አንብቦ በዚያ የሚጀምር ቃል ካልተናገረ አይዘልም። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሳወዳድረው ግን ተሸንፎ አለቀሰ፤ ለሁለት ቀንም ካርድ አልነካም። በእኔ ግምት ጀማሪን ከሌላ ልጅ ጋር ማወዳደር ይቅር።

እሱ በጣም የወደደው የተደበቀ ወረቀት ፍለጋን ነው። በረመዷን ከኢፍጣር በፊት፣ ሰዓቱ አልገፋ ሲል፣ «ትራስ ሥር»፣ «ጫማ ውስጥ» ብዬ በቁርጥራጭ ወረቀት እጽፋለሁ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራዋል፤ መጨረሻው ላይ ቴምር አለ። ያላወቀውን ፊደል አልነግረውም፤ ካርዱን አውጥቶ ያመሳክራል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ሲለምናችሁ አቁሙ፤ ነገ ራሱ ይመጣል።

አሁን እሱም ለእኔ ይደብቃል። ባለፈው ሳምንት «ሰፈ ሥር» የሚል ወረቀት ሰጥቶኝ ግማሽ ሰዓት ቤቱን አመሰቃቀልኩት። ሶፋ ማለቱ ነበር። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን «ሶ»ን እና «ፋ»ን በካርቶን ጽፈን ከክምሩ ጨመርን።