የቤት ውስጥ ሥራ የማን ነው?



ስለ ቤተሰብ ስናስተምር ስለ ጸሎትና ስለ መተማመን ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ሰዓት ግን እምብዛም አናነሣም። ሆኖም ባልና ሚስት ሁለቱም ለደመወዝ በሚሠሩበት ቤት ፍቅር የሚፈተነው አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ መልስ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። እርሱ ተቀምጦ ዜና ይሰማል፤ እርስዋ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ሊጡ መቡካት፥ ወጡ መሠራት፥ ልጁ መታጠብ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖአል። የማድ ቤቱን ሰዓት የሚቈጥር ግን የለም። ይኸው አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ፥ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። የእናት አካል ማገገም ስላለበት ቀኑ እኩል ይሁን አልልም፤ ነገር ግን በአራተኛው ቀን አባትነታቸው ያበቃ የሚመስላቸው አሉ።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፥ የቤተሰብ ኃላፊ ደመወዝ ቤተሰብ ለማስተዳደር የሚበቃ እንዲሆን፥ የእናትነት ድካምም በኅብረተሰቡ ዘንድ ተገቢውን ክብር እንዲያገኝ አስተምረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 «አሞሪስ ሌቲሲያ» በተባለው ጽሑፍ (ቁ. 286)፥ የቤት ሥራንና ልጅ ማሳደግን የሚጋራ ባል ወንድነቱ እንደማይቀንስ፥ ሊያፍርበትም እንደማይገባ ገልጸዋል።

በአገራችን ብዙ ባሎች «ባለቤቴን አግዛታለሁ» ይላሉ። ቃሉ መልካም ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሚያግዝ ሰው ሥራው የሌላ መሆኑን አስቀድሞ ወስኖአል፤ ሲደክመውም ይተወዋል። የገዛ ልጁን ያጠበ አባት ማንን አገዘ?

«ሠራተኛ አለችን» የሚሉም አሉ። እርስዋም የሰው ልጅ ናት፤ በስንት ሰዓት ትተኛለች? እሑድስ ቅዳሴ ትደርሳለች? ሠራተኛ በሌለበት ቤት ደግሞ ጫናው በታላቂቱ ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። መምህራን ሆይ፥ ከትምህርት የሚቀሩትን ልጆች ስም ተመልከቱ፤ ልጃገረዶች ከበዙ ምክንያቱን «ስንፍና» ብላችሁ አትጻፉ፥ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ለባልም ለሚስትም ለየብቻ ወረቀት ስጡ። ያለፈውን ማክሰኞ፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያደረጉትን ሳይነጋገሩ ይጻፉ፤ መጻፍ የማይችሉ በቃል ይንገሩአችሁና እናንተ ጻፉላቸው። ከዚያም ይለዋወጡ። ከልጆች ጋር መጫወት በአንዱም ወረቀት ላይ ካልተገኘ ውይይቱን ከዚያ ጀምሩ።