የገብስ ማሳ እንደ ማኅበር
የፕሮፌሰር ሮበርት አላርድ ምርምርና የዘር እርዳታ

ድርቅ ከጸናበት ወረዳ የሚላክ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሁለት ነገሮች ነው፤ ስለ ተራበው ሕዝብ ብዛትና ስለሚያስፈልገው እህል መጠን። ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን መብላት የጀመረበት ወር እምብዛም አይጻፍም። ዝናቡ ሲመለስ ግን የዘሩ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ የዘር እህልም ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። የመጣው ዘር የጠራና የነጣ ሆኖ ሳለ በማሳው ላይ የታሰበውን ያህል ሳይሰጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ለመረዳት፣ ዘርን በጆንያ ሳይሆን በትውልድ እየቈጠሩ አርባ ዓመት ያህል ያጠኑትን የአንድ ሳይንቲስት ሥራ መመልከት ይጠቅማል።

ሮበርት ዌይን አላርድ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በ1919 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። አላርድ በ1946 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኙ በኋላ በዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀምረው በ1986 በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ በዚያው አገለገሉ። በ1960 ያሳተሙት የዕፅዋት ማሻሻያ መርሖዎች መጽሐፍ በብዙ አገሮች የግብርና ትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆኖ ነበር። ያረፉት በ2003 ነው።

አላርድ ምርምራቸውን ሲጀምሩ ስለ ገብስ፣ ስለ ስንዴና ስለ መሰል እህሎች ሰፍኖ የቈየው አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር። እነዚህ ዕፅዋት ራሳቸውን በራሳቸው የሚያራቡ በመሆናቸው፣ ይኸውም የወንዴው ዱቄት ከዚያው አበባ ወደዚያው አበባ ሴቴ ስለሚደርስ፣ ልጅ ወላጁን እየመሰለ ይሄዳል፤ ማሳውም ውሎ አድሮ የጥቂት ንጹሕ ዘሮች ስብስብ ከመሆን አያልፍም። ለውጥ የሚጠበቀው ከአዳቃዩ ባለሙያ እጅ ብቻ ነው። በእርግጥም ከመቶ የገብስ ፍሬ ከሌላ ተክል ጋር ተዳቅሎ የሚገኘው አንድ ያህል ነው። የአላርድ የሕይወት ሥራ ይህች አንዷ ፍሬ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደምትሠራ ማስረዳት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ላይ የሚበቅሉ፣ አልፎ አልፎም እየተዳቀሉ ዘር የሚተኩ ዕፅዋትን እንደ አንድ ማኅበር ቈጥሮ፣ በማኅበሩ ውስጥ የትኛው የውርስ ባሕርይ እንደሚበዛና የትኛው እንደሚመነምን የሚመረምረው የሳይንስ ክፍል የዕፅዋት ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ ይባላል።

ለምርምራቸው መሠረት የሆነው ማሳ ከእርሳቸው በፊት የተጀመረ ነው። በ1923 ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ገብስ የሰበሰቡት አሜሪካዊው የገብስ ሊቅ ሃሪ ሃርላንና ባልደረቦቻቸው፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተገኙ 28 የገብስ ዓይነቶችን እያንዳንዱን ከሌላው ሁሉ ጋር በማዳቀል 378 ድቅሎች አገኙ። የእነዚህም ዘር ተቀላቅሎ በ1929 አንድ ድብልቅ ተመሠረተ። ይህና በኋላ የተዘጋጁ መሰል ድብልቆች በዴቪስ በየዓመቱ ይዘሩ ነበር። ኮይት ሱነሰን የተባሉት ባለሙያ ለረጅም ዘመን ተከታተሏቸው። ሰው አንዲት ዛላ እንኳ አልመረጠም፤ ማሳው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ከምርቱም ተዘግኖ በተከታዩ ዓመት ይዘራል። መራጮቹ ዝናቡ፣ በሽታውና የጎረቤት ተክል ሽሚያ ብቻ ነበሩ። ከየጊዜው ትውልድ ዘር እየተቀመጠ ስለ ቈየ፣ የቀድሞውን ትውልድ ከኋለኛው ጋር በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ዘርቶ ማወዳደር ተቻለ። ከሰው ዘመን ጋር ቢነጻጸር፣ አያትን ከልጅ ልጅ ልጅ ጋር በአንድ ዕድሜ አቁሞ እንደ ማየት ነው።

ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። መጀመሪያ ዝቅተኛ የነበረው የድብልቁ ምርት ከብዙ ትውልድ በኋላ በተመረጡ ዘሮች ምርት ልክ ወደ መሆን ተጠጋ፤ ቅጠልን የሚለበልበውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋሙ ተክሎችም እየበዙ ሄዱ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን ሁለተኛው ነው። ማሳው ከቦታው ጋር እየተስማማ በሄደ ቍጥር ወደ አንድ ዓይነት ዘር አልተለወጠም፤ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም በውስጡ ብዙ ዓይነት ይገኝበት ነበር። አላርድ ከተማሪዎቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር በኤሌክትሮፎሬሲስ ዘዴ፣ ይኸውም የቡቃያውን ጭማቂ በስታርች ንጣፍ ላይ አድርጎ በኤሌክትሪክ ኃይል ኤንዛይሞቹን በመለየት፣ የትውልዶቹን ጂኖች ቈጠሩ። በ1972 ከክሌግና ከካህለር ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ጂኖቹ የሚመረጡት አንድ በአንድ ተነጥለው ሳይሆን አብረው በሚሄዱ ቡድኖች ተያይዘው ነው። ስለዚህ ከቦታው ጋር የተስማማ ዘር፣ ትውልድ ደጋግሞ የገጣጠመው የጂኖች ውሕደት ነው።

ድርቅን በቀጥታ የሚመለከተው ግን በጫካ አጃ ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። አቬና ባርባታ የሚባለው ይህ ሣር ከሜዲትራኒያን አካባቢ ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ካሊፎርኒያ የገባ ነው። በአገራችን ገበሬ በገብሱ ውስጥ ሳይነቅል የሚተወው ስናር የቅርብ ዘመዱ ነው። አላርድና ክሌግ ሣሩን ከብዙ ሥፍራ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በሞቃታማውና በደረቁ አገር የሚበቅለው አንድ የኤንዛይም ጂኖች ስብስብ፣ በቀዝቃዛውና እርጥበት ባለው አገር የሚበቅለው ሌላ ስብስብ የያዘ ሆኖ አገኙት። ልዩነቱ በአውራጃና በአውራጃ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስገረመ። ነገር ግን ካሊስቶጋ በተባለች ከተማ አጠገብ በአንድ ኮረብታ ላይ አላርድና ሃምሪክ ባደረጉት ጥናት፣ ደረቁ ቦታና እርጥቡ ቦታ በአጭር ርቀት ላይ እያሉ የየራሳቸውን ዓይነት ይዘው ተገኙ። ስለ ደጋና ቈላ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአንድ ተረተር ሁለት ገጽ አንድ ዓይነት ዘር እንደማይወድ ገበሬው ያውቃል። ትግራይ ውስጥ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ በመዝራት ሐንፈጽ የሚያመርተውም አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲያወጣው ብሎ ነው።

የኢትዮጵያ ገብስ በዚያው በዴቪስ ሌላ ታሪክ አለው። ክሽክሽ የሚያዛምተው፣ ቅጠልን አቢጭቶ ተክሉን የሚያቀጭጨው ቫይረስ የካሊፎርኒያን ገብስ በጎዳ ጊዜ፣ ሻለር፣ ራስሙሰንና ኳልሴት ከዓለም ዙሪያ የተከማቹ ከ6 ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎችን ፈተኑ። በ1963 እንዳስታወቁት፣ በሽታውን ከተቋቋሙት መካከል ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የተገኙ ነበሩ። ያንን ጂን በማሳው ያቈየው፣ ማንም የማዳቀል ትምህርት ያላስተማረው የደጋ ገበሬ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለአደጋ የተጋለጠው ይኸው ሀብት ነበር። ገበሬው ዘሩን ሲበላ የበላው አንድ ቁና ገብስ ብቻ አይደለም፤ የአባቶቹ ማሳ ለብዙ ትውልድ የመረጠውን ማኅበር ነው። በዚያን ጊዜ በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ዘሩ ተበልቶ ሳያልቅ ከተጎዱ አካባቢዎች እየሰበሰበ አኖረ፤ በኋላም ለገበሬው እንዲመለስ ሠራ። ዶክተር መላኩ ስለ ሥራቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሠፈራው ነገር ደግሞ የጉዳዩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብ የተወሰዱት ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች ከደጋ ወደ ሞቃት ቈላ የወረዱ ብዙዎች ነበሩባቸው። ዘሩን ይዞ የሄደ ቢኖር እንኳ የደጋ ገብስ በዚያ ሙቀትና እርጥበት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከቀዬው የተነጠለው ሰውየው ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቶ የተሻሻለ ዘር አይረባም ማለት ስሕተት ነው። ውሃና ማዳበሪያ በሚገኝበት ሥፍራ ከፍተኛ ምርት የሚሰጠው እርሱ ነው፤ አላርድም ያስተማሩት የዘር ማሻሻልን ነው። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ በሚዋዥቅበት ተራራማ አገር አንድ ወጥ ዘር ብቻ ሲታደልና ነባሩ ሲጠፋ ነው።

አላርድ በ1970 ስለ ናሙና አሰባሰብ በጻፉት ምዕራፍ፣ ልዩነቱ በቦታና በቦታ መካከልም፣ በአንድ ማሳ ውስጥም ስለሚገኝ ሁለቱም እንዲታሰቡ አስገንዝበዋል። ይህ ለወረዳ ሠራተኛ ሲተረጐም፣ የአካባቢ ዘር በሚገዛበት ወይም በሚሰበሰብበት ጊዜ ከአንድ ሀብታም ገበሬ ጎተራ መሙላት አይበቃም፤ ከብዙ ቀበሌ፣ ከእያንዳንዱም ማሳ ከብዙ ተክል መውሰድ ያሻል። ትልልቁን ዛላ ብቻ መልቀም፣ ጥቁሩን ከነጩ መለየት፣ ቀጫጫውን መጣል ለገበያ እህል እንጂ ለዘር አይሆንም። በጆንያው ላይም ከእህሉ ስም ጋር የተገኘበት ቀበሌ፣ የቦታው ከፍታ፣ የተዘራበትና የታጨደበት ወር፣ ገበሬው ዘሩን የሚጠራበትም ስም መጻፍ አለበት፤ በሚታደልበት ጊዜ ከመጣበት ከፍታና የዝናብ ወራት ጋር ለሚመሳሰል ቀበሌ ሊሰጥ የሚችለው ይህ ተጽፎ ሲገኝ ነው።