«አራዳ» የሚባለው ማን ነው?

በዚህ ዕትም የምናጠናው ከወጣቶቻችን አንደበት የማይጠፋ ቃል ነው። በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ታክሲ የሚጠብቅ ወጣት «አራዳ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ «ፋራ» ከተባለ አንገቱን ይደፋል። ቃሉ ከጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ከአራዳ ገበያ የመጣ ሲሆን፣ የነቃና የማይታለል ሰው ማለት ነው። ዛሬ ግን አሜሪካውያን «ኩል» ወደሚሉት ተጠግቷል፤ ይኸውም በምንም የማይደነቅ፣ ፊቱ የማይለዋወጥ ሰው ማለት ነው። (ከዓይን ኩል ጋር ዝምድና የለውም።) ሲተረጎም «ቀዝቃዛ» ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰውን ቀዝቃዛ ማለት ነቀፋ ነው።

ቃሉን በዓለም ያስፋፉት ጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ናቸው። ጥቁር ሰው ቁጣውን በማሳየቱ ሕይወቱን ሊያጣ በሚችልበት አገር፣ የረጋ ፊት የክብር ጋሻ ነበር። መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1959 በኒው ዮርክ ይጫወትበት በነበረው ክበብ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ፖሊስ ደብድቦ ራሱን አደማው። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው፣ በእርጋታው የታወቀው ሸክላው የወጣው በዚያው ወር ነው።

ነገሩ ባሕር ሲሻገር ቁስሉ ቀርቶ ልብሱ፣ መነጽሩና ሲጋራው ደረሱ፤ እነዚህ ይሸጣሉና። በአገራችንም ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን ፀጉርና አለባበስ ተከትሎ ነበር፤ ኋላ በአማርኛ የራሱን ድምፅ አገኘ። እንዲህ ያለውን መዋስ ክፉ አንለውም።

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ። የተወቀሰው የሴቶች አጭር ቀሚስ ነበር፤ ወንዶቹ ተቃዋሚዎች ግን የፈረንጅ ሱሪና ጃኬት ለብሰው ነበር። በልብስ ላይ ብቻ የሚያተኩር ተግሣጽ ሩቅ እንደማይሄድ ከዚህ እንማራለን።

እኛን የሚያሳስበን ከልብሱ ይልቅ ፊቱ ነው። ፋራ እንዳይባል በለቅሶ ቤት እንባውን የሚውጥ፣ ያልገባውን ለመጠየቅ የሚያፍር ልጅ አለ። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ከኋላ ተደግፎ ዝም ሲል ትምህርቱን የናቀ ይመስላል፤ ምናልባት ግን እናቱ ታማ ይሆናል። በጉባኤ መካከል ከገሠጽነው ያንኑ ፊት ይበልጥ ያጠነክራል፤ ለብቻው በመንገድ ላይ ብናነጋግረው ይሻላል።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ወጣት ሐዘኑን ያለ ኀፍረት የሚናገርበት ቦታ የት ነው? ማንስ ይሰማዋል?