ከበርሜል የተሠራ ምድጃ ለበዓል ስጦታ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በየእንቁጣጣሹ ለእናቴ የፕላስቲክ አበባና በፌስታል የታጨቀ ዕቃ እወስዳለሁ። ዘንድሮ እህቴ «አካባቢ የማይበክል ስጦታ አምጣ» ብላኛለች። ከምናለሽ ተራ የከሰል ምድጃ ብገዛስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎ በከሰል የሚያበስሉ ከሆነ ጥሩ መርጠዋል። በኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ይቅርብዎ፤ የሚያስፈልጋቸውን ይጠይቋቸው።

ፌስታል በቀላሉ አይበሰብስም፤ ቦይ ይደፍናል፣ ከብት ይውጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር በቀጠነው ላይ ገደብ ተጥሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ሕግ ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። ስለዚህ ስጦታውን በዘንቢል ይያዙ። ለአበባውማ አደይ ሞልቶ የለ?

ከምድጃዎቹ «ላቀች» የሚባለውን እመርጣለሁ። ውጪው የበርሜል ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከተራው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ሲገዙ ሸክላውን በጣትዎ ኳ ያድርጉት፤ ድምፁ ጥርት ካላለ ተሰንጥቆ ይሆናል። በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበርም ሠሪውን ይጠይቁ። የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ ከሆነ፣ ቢረክስም ይተዉት፤ ቀለሙ ያልተላጠውንም እንዲሁ።

ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ ሲነድ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ደጅ ይቀጣጠል፤ ሲበስልም በርና መስኮት ይከፈት። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ቢኖር ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው ጤና ተቋም ያድርሱት። መልካም በዓል።