የሳንባ ምች ሳንባው አስቀድሞ በታመመ ሰው ላይ

በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል «ምች» የብዙ ሕመም ስም ነው። ፀሐይ መታኝ ለሚለውም፥ ከንፈሩ ለቆሰለውም ምች ነው ይባላል፤ መድኃኒቱም ዳማ ከሴ ነው እየተባለ ይነገራል። የሳንባ ምች ግን ከስሙ በቀር ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ከሚያመጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ዋነኛው ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይህንንም ፓስተር በፈረንሳይ፥ ስተርንበርግ በአሜሪካ በ1881 እ.ኤ.አ. ለየብቻቸው አገኙት።

ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኞች ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ወደ ሳንባ ቢወርድም በአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር ጠርገው ያስወጡታል። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ የቀረበት፥ ወይም ትንባሆና የማገዶ ጢስ ለብዙ ዘመን የጎዳው ሳንባ ጠራጊው ደክሞበታል። በዚህ ምክንያት አክታ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያውም በዚያ ይራባል።

ትልቁ አደጋ ሕመምተኛው ሳል ስለለመደ አዲሱን በሽታ «ያው የቀድሞው ነው» ብሎ መናቁ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለውጦች ማስተዋል ይገባል፤

1ኛ፤ ሳሉ ከወትሮው ሲበረታ፥ የአክታው መልክ ወደ ቢጫ፥ አረንጓዴ ወይም ዝገት ሲለወጥ፤

2ኛ፤ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሲመጣ፥ ሲተነፍሱም ደረትን ሲወጋ፤

3ኛ፤ ትንፋሽ ከወትሮው ይልቅ ሲያጥር።

በሽማግሌዎች ላይ ትኩሳቱ ሳይታይ የአእምሮ መደናገር ብቻ ሊታይ ይችላል።

እነዚህ የታዩበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ፔኒሲሊን በ1928 እ.ኤ.አ. ከተገኘ ወዲህ ለዚህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒቶች አሉ፤ ትንፋሹ እጅግ ላጠረውም ኦክስጅን ይሰጠዋል። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋጥም ሆነ ሐኪም ያዘዘውን ማቋረጥ ግን ጎጂ ነው።

ለመከላከልም ትንባሆን መተው፥ ለማድ ቤቱ የጢስ መውጫ ማበጀት ይገባል። በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በኒሞኮከስ ላይ ይከተባሉ፤ የተከተበ ሕፃን ባክቴሪያውን ወደ አያቶቹ የማስተላለፉ ነገር ይቀንሳል። ሳንባቸው የታመመ አዋቂዎችም ስለ ክትባቱ ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ እንመክራለን።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩልን። በቤቱ ዘወትር የሚያስል ሽማግሌ ያለው ልጅ «አባባ፥ ሳልዎ ከትናንቱ ተለወጠ ወይ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ የሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላልና።